ሰኞ ማለዳ በራችን ላይ የቆሙት ሦስት ሰዎች

ይህ የደረሰብኝ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነው። የምንኖረው ኮልፌ ቀራንዮ ነበር፤ እኔ ዛሬም እዚያው ነኝ። ዕድሜ ብዙ ነገር አስረስቶኛል፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤቱን ስበረብር የምውል ሴት ሆኛለሁ። የዚያች ሰኞ ማለዳ ግን ከልቤ አልወጣ አለችኝ። ባሌን አድናለሁ ብዬ በገዛ እጄ ልገድለው ነበርና።

ባለቤቴ አድማሱ ቀለም ቀቢ ነበር። ጎጃም ተወልዶ በወጣትነቱ አዲስ አበባ የገባ፣ ከኮልፌ እስከ ሳንሱሲ ያልቀባው በርና መስኮት የሌለ ሰው ነው። በራሱ እጅ የሠራው ረጅም የእንጨት መሰላል ነበረው። ሥራ በማይኖርበት ቀን ግድግዳችን ላይ ተደግፎ ስለሚቆም ሰፈርተኛው ቤታችንን «መሰላሉ ያለበት ቤት» ይለው ነበር።

ልጃችን አንዲት ናት፤ ጽጌ። ያን ጊዜ አስተማሪ ሆና ወደ አርባ ምንጭ ተመድባ እዚያው አግብታ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል።

የአድማሱ ሕመም እንዴት እንደጀመረ ለመናገር እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ልብሱን ሳጥብ የውስጥ ሱሪው ላይ ደም አየሁ። በሌላ ጊዜም አየሁ። እሱ ምንም አላለኝም። እኔስ ምን አሰብኩ? ሌላ ሴት ጋ ሄዶ በሽታ ሸምቶ መጣ ብዬ ደመደምኩ! በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ደም ከሸና ሰው የሚያስበው ያንኑ ነበር፤ እኔም ከሰው የተለየ ጭንቅላት አልነበረኝም። አልጠየቅሁትም። መኝታዬን ለየሁ፤ ምግቡን አስቀምጬለት ፊቴን አዞራለሁ። እሱ አፍሮ ዝም፣ እኔ ተቆጥቼ ዝም፤ ሦስት ወር እንዲህ ኖርን። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሸሸገው እሱ ብቻ አልነበረም፤ እኔም አይቼ ሸሽጌያለሁ።

አንድ ቀን ሽንቱ ጭራሽ እምቢ አለው። ላቡ በግንባሩ እየወረደ መሬት ላይ ሲንከባለል ቁጣዬ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ጎረቤት ተጯጩኾ ሐኪም ቤት አደረስነው። ሽንቱን በቱቦ አስወጡለት፤ አስተኝተውም በመሣሪያ ውስጡን አዩት።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ነገር ለበሽተኛው አይነግሩትም፤ ወንድም ወይም ሚስት ጠርተው በጆሮ ነው። ይኼኛው ግን አድማሱን ፊት ለፊት አስቀምጦ በአስተርጓሚ፣ የሽንት ፊኛህ ውስጥ ነቀርሳ በቅሏል፤ ተኝተህ መቆረጥ አለበት አለው። አስተርጓሚው ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ እንኳ ቃሉን ሲያወጣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር።

አድማሱ ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። እሱ የሰማው «ነቀርሳ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተባለው ጆሮው አልገባም። እኔን ግን ድሬሰሩ ኮሪደር ላይ ጠርቶ አስረድቶኛል።

«እመቤት፣ ገና ነው፤ ሥር አልሰደደም። አሁን ከተቆረጠ ተስፋ አለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አምጪው። ሰኞን ካለፈ ሐኪሙ ለእረፍት አገሩ ይሄዳል፤ እስኪመለስ ወራት ነው። ያን ጊዜ እኔ ምንም አልልሽም።»

ሁለቱን ሳምንት ለመንኩት። ለመንኩት ስል ደግሞ በልስላሴ እንዳይመስላችሁ፤ የእኔ ልመና ግማሹ ጭቅጭቅ ነው።

«ነቀርሳ ብረት ከነካው ይበረግጋል፤ ማን ድኖ አየሽ?» ይለኛል።

«ማን ታክሞ አየህ? ሁሉም እንዳንተ ቤቱ ተኝቶ አይደል የሚሞተው!»

«ልጄን በምታህል ነርስ ፊት ሱሪዬን አላወልቅም።»

«ለሞትህ ጊዜ የሚያጥቡህስ? ሱሪህን ለብሰህ ሊያጥቡህ ነው?»

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «የሺ፣ ተይኝ» አለኝ። እሱ በቁሙ ተስፋ ሲቆርጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከሕመሙ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

ያን ዕለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የጠረጠርኩትን ሁሉ ተናዘዝኩለት። ስለ ሌላ ሴት ያሰብኩትን፣ መኝታ የለየሁበትን ምክንያት።

«አውቄያለሁ» አለ ሳይዞር። «ፍራሹን ያወረድሽ ቀን አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እኔም ምን እንደሆነ አላወቅሁት።»

 እኔ ወጥቼ ጓሮ አለቀስኩ። እነዚያን ሦስት ወሮች መመለስ አልችልም፤ የቀረኝ ያቺን ሰኞ እንዳታመልጠን ማድረግ ብቻ ነበር።

ለጽጌ እንዳልነግርም አስጠንቅቆኝ ነበር፤ «በዚያ ሆዷ እንዳታስደነግጫት» ብሎ። አልሰማሁትም። ከቤታችን ራቅ ብሎ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አቶ ወልዴ የሚባሉ የጉራጌ ሰው፣ የዕድራችን ዳኛ ነበሩ። እኔ ፊደል ስለማልቆጥር ደብዳቤውን እሳቸው ጻፉልኝ። የጽጌ መልስ በመጣ ጊዜም ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው። አድማሱ እንዳያይብኝ ደብዳቤውን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ያዝኩት።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ግድግዳው ባዶ ነው። መሰላሉ የለም።

«መሰላሉስ?»

«ለባሻ ሰጠኋቸው» አለ። ባሻ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር። «ጣሪያቸው ያፈሳል።»

«አዋስካቸው?»

«ሰጠኋቸው አልኩሽ።»

 ሰው ሌላ የሚሰጠው ነገር ያጣል? ቀለም ቀቢ መሰላሉን የሚሰጥ መቼ ነው? እሱ ወጣ ሲል ኮቱን በረበርኩ። የአውቶቡስ ትኬት ነው ያገኘሁት። ፊደል ባልለይም ትኬት አውቃለሁ። አቶ ወልዴ ሱቅ ሮጬ አስነበብኩት፤ የጎጃም ነው፣ የሰኞ ማለዳ። መልሼ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት።

ነገሩ ገባኝ። የአባቶቹ አጥንት ዘንድ ሄዶ ሊሞት ቆርጧል። እኔን ደግሞ «ሰኞ ሳንሱሲ ሥራ አለኝ፤ ማልጄ ነው የምወጣው» ብሎኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። አቶ ወልዴንና ባሻንም ለመንኳቸው፤ ባሻ መሰላሉ የስንብት ስጦታ መሆኑን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ሦስቱም ሽማግሌ ሆነው ሊገስጹት ተስማሙ። ዛሬውኑ ይምጡ እንዳልል ሰጋሁ። አድማሱ እልኸኛ ነው፤ እሑድ ከነገሩት ሌላ ቤት አድሮ ከዚያው ይሳፈራል። ስለዚህ ሰኞ ማለዳ፣ ከቤት ከመውጣቱ በፊት በር ላይ ይያዝ አልን። እንዴት ያለሁ ብልህ ሴት ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ!

ኅዳር ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይበላል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ አድማሱ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፤ ጋቢውን ደረበ። ከአልጋው ሥር አንዲት ቦርሳ ጎተተ። እኔ የተኛሁ መስዬ አየዋለሁ። አንዴ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ሊቀሰቅሰኝ ነው ስል ተመልሶ ሄደ።

በሩ ሊከፈት ሲል ተንኳኳ።

አድማሱ ከፈተው። እኔም ተነሥቼ ከጀርባው ደረስኩ። ሦስቱ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ተሰልፈው ቆመዋል። አባ መስቀላቸውን ይዘዋል። አቶ ወልዴ መሐል ናቸው። ማንም «እንደምን አደርክ» አላለም፤ ከየት እንደሚጀምሩ ጨንቋቸዋል።

ቦርሳው ከእጁ ወደቀ።

«ጽጌ ናት» አለ። ድምፁ የሰው አይመስልም ነበር። «ልጄን! ጽጌን ነው!»

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ይዞ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ደርሶ ነው። በሰፈራችን መርዶ የሚያረዱት ደግሞ የዕድሩ ዳኛ አቶ ወልዴ ናቸው። እሳቸው በማለዳ በሩ ላይ የቆሙበት ሰው ሌላ ነገር አይጠብቅም። ከሰው ሁሉ መርጬ፣ ከሰዓት ሁሉ መርጬ መርዶ ነጋሪ አምጥቼ ባሌ በር ላይ አቁሜያለሁ።

«ኧረ ደህና ናት! ደህና ናት፣ አይዞህ!» አሉ ባሻ።

የባሰ ሆነ። መርዶ ሲነገር የሚጀመረው እንዲሁ ነው፤ «ትንሽ አሟት ነው፤ ደህና ናት፤ አይዞህ» እየተባለ። አድማሱ ደረቱን መምታት ያዘ። በጉልበቱ ወደቀ። «አትዋሹኝ! በወሊድ ነው አይደል? በወሊድ ነው የሞተችብኝ!»

«አድማሱ ስማኝ!» እላለሁ፤ ማን ይስማኝ? አቶ ወልዴ ሊያነሡት ሲይዙት ገፈተራቸው። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት መሮጥ ጀመረ። እትዬ ዘነበች የምትባል ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወይኔ ጽጌዬን! ወይኔ ልጄን!» እያለች ከበራችን ደረሰች። ማን እንደነገራት እግዜር ይወቅ። ሌሎቹም ተቀበሏት። በቁሟ ያለች ልጄ ደጃፌ ላይ ተለቀሰላት።

አድማሱ ሆዱን ይዞ ተጣጠፈ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። እዚያው ይሞትብኛል አልኩ። ነቀርሳው ሳይሆን እኔ ገደልኩት አልኩ።

ደብዳቤው ትዝ አለኝ። ከጡቴ ሥር መዥርጬ ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። «እጇን አታውቀውም? የልጅህ ጽሕፈት አይደለም? ሐሙስ ነው የደረሰኝ!»

ፊደሉን አወቀው፤ ተቀበለኝ። ከላይ የተጻፈውን ቀን አየና መልሶ ወረወረው። «ይኸ ከተጻፈ ሳምንቱ ነው። ከዚያ ወዲህስ?»

እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነች እኔስ በምን አውቃለሁ? ለአንድ አፍታ እኔ ራሴ ክው አልኩ።

የንስሐ አባታችን እስካሁን አልተናገሩም ነበር። አሁን የሚያለቅሱትን ሴቶች በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ከአድማሱ ፊት ዝቅ ብለው ተቀመጡ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ መቀመጡም ቀላል አልነበረም። መስቀሉን ዓይኑ ፊት አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ካህን ነኝ፤ አልምልም። ግን ይህን መስቀል ይዤ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

አድማሱ የለም ሲል ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ስማኝ። ስለ ጽጌ የመጣ ክፉ ወሬ የለም። እኔ መርዶ ይዤ አልመጣሁም። የመጣነው ለአንተ ነው፤ ሐኪም ቤት ግባ ልንልህ ነው። ሚስትህ ለምናን።»

አድማሱ መስቀሉን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ተሳለመው። ቀና ብሎ አቶ ወልዴን ተመለከተ፤ ከዚያ ባሻን፤ ከዚያ እኔን። ይቆጣል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝም እውነት አለው።

ውሃ ጠየቀ። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጠጣ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየዋል።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?» አለ።

«ምኑ?» አሉ ባሻ።

«ልጄ ሞታለች ብዬ የቆየሁት።»

 ባሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አሥር ቢሆን ነው» አሉ።

«አሥር ደቂቃ።» ብርጭቆውን መሬት ላይ አኖረው። «እኔ ጎጃም ሄጄ ብሞት እንዲህ ያሉ ሦስት ሰዎች በማለዳ እሷ በር ላይ ይቆማሉ። እንዲህ ትሆናለች ማለት ነው። ያውም በዚያ ሆዷ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «የሺ፣ ቀጠሮው ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ሁለት ሰዓት» አልኩ። 

የጎጃሙ አውቶቡስ ያን ጊዜ ሄዷል። አቶ ወልዴ መንገድ ወጥተው ሰይቸንቶ ታክሲ ይዘው መጡ። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሸኚ ሆኖ ቀረ፤ እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አቃንታ «እንኳን ያ አልሆነ፣ እሰይ!» እያለች የታክሲውን በር ዘጋችልን። ውስጥ ተጣብቀን ስንቀመጥ አድማሱ ጠጋ ብሎ «ነርሷ ግን ፊቷን ታዙር» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልድ ነው። ሳቅሁ፣ ሳቄም ለቅሶ ሆነብኝ።

የጽጌን ደብዳቤ መንገድ ላይ አነበበው። «አባዬ፣ እማዬ ሁሉን ጽፋልኛለች፤ እንዳትቆጣት። እኔ ደህና ነኝ። ለልጄ ስም የምታወጣለት አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው አላስነካም» ይላል። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ ትኬቱ ከነበረበት ቦታ ከተተው።

አስተኝተው ሲወስዱት እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሣለሁ፤ ሌላ ሰው ነው፤ እቀመጣለሁ። ያ ድሬሰር በመጨረሻ ብቅ ሲል ገና ከሩቅ ፊቱን አነበብኩት። አልፈገገም። አጠገቤ መጥቶ «ቆርጠው አውጥተውታል። ደኅና ነው፤ ግን አልጨረስንም። በየሦስት ወሩ እየመጣ ውስጡ ይታያል» አለኝ። ጫማውን ልስም ጎንበስ ስል በድንጋጤ ወደ ኋላ ሸሸ።

እውነትም አልጨረስንም ነበር። ሁለት ጊዜ ተመልሶ በቅሎ ሁለት ጊዜ ቆረጡለት። በቀጠሮው ዋዜማ ሁልጊዜ ይነጫነጫል፤ ሁልጊዜ ግን ይሄዳል። እምቢ ሊል ሲቃጣው «ሦስቱን ሰዎች ልጥራልህ?» እለዋለሁ፤ ጋቢውን ፈልጎ ይነሣል።

በመጀመሪያው ጊዜ ከሐኪም ቤት ሲወጣ መሰላሉ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ጠበቀው። ባሻ ናቸው የመለሱት። ጣሪያቸው እንደተሸነቆረ ቀረ እንጂ አንድም ቀን አልወጡበትም። አድማሱ መጀመሪያ የቀባው የእሳቸውን በር ነው።

ጽጌ በሰላም ተገላገለች፤ አድማሱም ለልጁ ስም አወጣለት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖርን። መንግሥት ተለወጠ፤ ሰፈሩም ተለወጠ። ያን ሕፃን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲይዝ አድማሱ በዓይኑ አየው። የሞተበትም ሕመም ሌላ ነው፤ ሳንባ ነው ያሉት። ቀኑ ሲደርስ ጽጌ ተዛውራ አዲስ አበባ ነበረች፤ እዚህ ቤት፣ እዚህ አልጋ ላይ እጁን ይዛው ነበር።

እኔ አሁንም ማለዳ በር ሲንኳኳ ልቤ ይመታል። ያን ሰኞ ሳስበው ግማሹ ያሳፍረኛል፣ ግማሹ ያስቀኛል፤ እግዜር በስሕተቴ ሠራልኝ እላለሁ። አንድ ነገር ግን ያጽናናኛል። አድማሱ በሞተ ማለዳ አቶ ወልዴ፣ እርጅና የጎበጣቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ እኛ ሲመጡ ጽጌ ነበረች በሩን የከፈተችላቸው። የአባቷን መርዶ ማንም አላረዳትም፤ ቀድማ የነገረቻቸውም እሷ ነች።